ከዚያ በፊት ምን ነበር

ጥቅምት 6

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ይህች ወረቀት ደጅዎ ስትደርስ ጤናና ዕረፍት ቀድመዋት ገብተው ይጠብቋት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አፋቸውን አላመማቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይተቻሉ። ባለቤቴ እንደሚያውቁት የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ጊዜ ብቅ ይልና ልብሱን አሳጥቦ ይሄዳል። ለዚህ ነው የኪራይ ቤቱን ለቅቀን እናንተ ወዳደጋችሁበት ወደ አባባ ቤት የገባነው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። በስልክ ልነግርዎ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ዋጥኩት። ልጄ ድምቢጥ አትሰማም። ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ ጤና ጣቢያ ወስጄ በመሣሪያ አስመረመርኳት፤ በሁለቱም ጆሮዋ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ ስጠራት አልዞር ስትል «ኩሩ ናት» እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይቅርታ ስጠይቃት መጣሁ፤ እሷ እንደሁ አትሰማኝ።

ደግነቱ እዚያው ለቤት ለቤት ድጋፍ መዘገቡን። ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በየሳምንቱ አስተማሪ ትላካለች። አስተማሪ ብልዎት ጥቁር ሰሌዳ እንዳይመስልዎት! ማክሰኞ ጠዋት ትመጣለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ወንበር ስንሰጣት እምቢ ብላ ምንጣፉ ላይ ዘጭ ትላለች። አባባ ስም አውጥተውላታል፤ «እመት ምንጣፍ» ይሏታል። ልጅቱን ዓይን ለዓይን እያየች ዝም ብላ ትጠብቃለች። ኩባያ ሲነሳ የኩባያን ምልክት፣ እጅ ሲታጠብ የመታጠብን ምልክት በእጇ ታሳያለች፤ ልጅቱን ብቻ አይደለም፣ እኔንም አባባንም ነው የምታስተምረው። «ሳምንቱን ሙሉ ከእሷ ጋር የምትውሉት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የአንድ ሰዓት ሰው ነኝ» ትላለች።

አንድ ደብተርም ሰጥታናለች። ሦስት ረድፍ አለው። «ምን አደረገች»፣ «ለማን»፣ «ከዚያ በፊት ምን ነበር»። ድምቢጥ በእጇ የምታሳየውን ሁሉ እንጽፋለን።

ሰኔ ላይ ሦስት ዓመቷ ሲሞላ ጉብኝቱ ያበቃል። ያኔ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሰው የምታይና በእጇ የምትግባባ ሆና ካገኟት መስማት የማይችሉ ሕፃናት የሚማሩበት ክፍል ትገባለች፤ ካልሆነች «ገና ናት» ተብላ ቤት ትቀራለች። ክፍሉ ያለው ስምንት ወንበር ነው። ከስምንቱ አንዱ ላይ የእኔ ልጅ ካልተቀመጠች ምን እንደምሆን አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ለሰጣት የመስሚያ መሣሪያ የምትሆን ክብ ትንሽ ባትሪ እዚህ ጠፍታለች። እዚያ ካገኙ ይላኩልን። ደብዳቤዎን እንደተለመደው ደጋግሜ አነበዋለሁ።

ልጅዎ

ኅዳር 2

ለማትሰለቺኝ ልጄ፣

እዚህም እዚያም ያለነውን ሁላችንን የሚጠብቅ አንቺንም ከነልጅሽ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም በአዛውንቶቹ መኖሪያ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው የምሠራው፤ በቀን ሁለት መቶ አንሶላ አጥፌ ስገባ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ አልጋ ላይ ይወድቃል። አባትሽን ጋሼን፣ መተቸቱን ትቶ ጉልበቱን ይሽ በይው።

ባትሪውን ሦስት እሽግ ልኬያለሁ። ስዕል ያለባቸው ካርዶችም አሉበት፤ ውሻው ትንሽ አስቀያሚ ነው፣ ይቅርታ።

ስለ ድምቢጥ አትደንግጪ። ልጅ ነው፣ ይዘገያል። አንቺም ራስሽ ዘግይተሽ ነው አፍ የፈታሽው፤ ከፈታሽ ወዲያ ግን ማን ይዝጋልሽ! ጊዜ ስጫት።

ያቺ ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለችው ጓዳ አሁን ምን ሆነች? ዕቃ ማስቀመጫ ካደረጋችኋት ደግ ነው። ልጅቱ እንዳትገባባት፤ እርጥበት አላት። ሌላ ምን አለ፣ ሰላም ሁኑልኝ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 10

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ ይምጣ። ባትሪው ደርሶን ተጠቅመንበታል፣ እጅዎ ይባረክ። ውሻውን ድምቢጥ ወዳዋለች፤ አስቀያሚነቱ አልታያትም።

አንድ ነገር ገጥሞኝ ለማን እንደምነግረው ጨነቀኝ። ባለፈው ማክሰኞ እመት ምንጣፍ ደብተሩን ስትገልጥ ፈገግ አለችና፣

«ይቺን ምልክት እንዴት አድርገሽ ነው ያስተማርሻት? ጥርት ያለች ናት። በእናንተ ቤት ምን ማለት ናት?» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

ሁለት ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ ነካ አደረገችና መዳፏን ቀስ ብላ ወደ መሬት ዝቅ አደረገችው።

«እንዴ፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሻት?» አልኳት።

«እኔ? እንዲህ ያለ ምልክት አላውቅም።»

ተያየን። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም ስንጽፋት ከርመናል፤ እሷ የእኔ መስሏት፣ እኔ የእሷ መስሎኝ። ደብተሩን ስንቆጥር አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፋለች። ከዚያ የ«ለማን»ን ረድፍ አነበብን። እመት ምንጣፍ የጻፈችው «ወደ ጓዳው በር» ብላ ነው። እኔም የጻፍኩት «ወደ ጓዳው» ነው። ለሰው አንድም ጊዜ አላደረገችውም።

ምልክቱን ለጓዳው ታደርግና ራሷም ተከትላ ገብታ ከባዶዎቹ ጆንያዎች ኋላ ቁጢጥ ትላለች። ስንፈልጋት ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል እናገኛታለን። እኔ አስተማሪዋን ፈርታ ነው ብዬ ነበር። ግን ስሙኝ አክስቴ፤ ይህን የምታደርገው በር ከመንኳኳቱ በፊት ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣም፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ስትመጣም። እኔ እንኳ ኮቴ ሳልሰማ የማትሰማው ልጄ እንግዳ መምጣቱን አውቃ ትደበቃለች። «ከዚያ በፊት ምን ነበር» በሚለው ረድፍ ሁልጊዜ «ምንም» ብዬ ነው የጻፍኩት። ምንም አልነበረማ።

ልቤ ፈርቷል። ሳቅ ብለው ይገሥጹኝ እስኪ።

ልጅዎ

የካቲት 14

ልጄ፣

ዘገየሁብሽ፤ አሞኝ ነበር በይው። ለዚህ የምትመልሺልኝ ቶሎ ነው። ምልክቱን የምታደርገው በየትኛው እጇ ነው? መዳፏ ሲወርድ ጣቶቿ የተገጠሙ ናቸው ወይስ የተከፈቱ? ከጓዳው ማን ነው የሚያወጣት፣ ወይስ ራሷ ትወጣለች?

ለጋሼ ምንም እንዳትነግሪው። ለጓዳዋ ቁልፍ አበጂላት። ያቺን አስተማሪ ደግሞ በመልካም አመስግነሽ አሰናብቻት። በእጅ ማውራት ይቅርባት፤ አፏን ትፍታ። የምልሽን አድርጊ፣ እንደ እናትሽ ሆኜ ነው የምልሽ።

አክስትሽ

መጋቢት 1

አክስቴ፣

ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ፤ ተቆጥቼ ብጽፍም ይህን ሳልል አልጀምርም።

ሁለት ወር ጠብቄ የደረሰኝ ደብዳቤ ሦስት ጥያቄና ሦስት ትእዛዝ ነው። ጥያቄዎቹን ልመልስ። በግራ እጇ ነው፤ ለማንኪያና ለእርሳስ ግን ቀኟን ነው የምታነሳው። ጣቶቿ የተገጠሙ ናቸው። ራሷ አትወጣም፤ አቅፌ ሳወጣት መልሳ ትገባለች።

ቁልፉን አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ድምቢጥ በሩ ሥር ተቀመጠች። አለቀሰች አልልም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ብስኩቷን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ አሾለከችው። የራሷን ግማሽ በላች። ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ከፍቼ ሳይ ብስኩቱ የለም። አባባ «አይጥ ነው» አሉ። አይጥ ፍርፋሪ ይተዋል፤ ወለሉ የተጠረገ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን አውልቄ ጣልኩት፤ ልጄ በር ሥር ተቀምጣ ስታጎርስ ማየት አልቻልኩም።

ትምህርቱን ግን አላቆምም። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ በእጇ የጠየቀችኝ በአስተማሪዋ ትምህርት ነው። ያን ቀን ኩባያውን ሦስቴ ሞላሁላት። አሁን ግን ወደ ኋላ እየሄደችብኝ ነው። በፊት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ አሁን ጠዋት ገብታ እስከ ምሳ ትቆያለች። የእኛን ፊት ማየት እየተወች ነው። እመት ምንጣፍ ጓዳው ውስጥ ጆንያው ላይ አብራት ትቀመጣለች፤ ልጅቱ ግን ከእሷ አልፋ ነው የምታየው። «እዚህ ስቀመጥ ቦታ የጠበበኝ ይመስለኛል» ብላኛለች፤ ብላኝ ደግሞ አፈረች። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሦስት ወር ነው የቀረው። እንዲህ ሆና ካገኟት «ገና ናት» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ።

እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ። ስለ እጇ ምንም ሳልነግርዎ በየትኛው እንደሆነ የጠየቁኝ ስለምን ነው? አባባን አልጠየቅኩም፤ ቃልዎን አክብሬያለሁ። እርስዎ ደግሞ እኔን ያክብሩኝና ይንገሩኝ። ልጄን ነው የማጣው።

ልጅዎ

መጋቢት 25

ልጄ፣

ሰላምታ ምን ብዬ ልጻፍ። ልብሽ ይረፍልኝ።

ከእኔ አንድ ዓመት የምትበልጥ እህት ነበረችን። አትሰማም ነበር። ይኸው፤ ይህን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እናትና አባታችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፈሩ። ሰው «በዚያ ቤት ምን ገባ» ይላል፣ ሌሎቻችን የማንታጭ፣ የማንከበር እንሆናለን ብለው ፈሩ። ያኔ የቤት ለቤት ድጋፍ የሚባል ነገር የለ፣ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ የለ፤ ማን ደጃችንን አንኳክቶ «ይቺን ልጅ ላያት» ብሎ ያውቃል? ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፣ ሲሄድ ትወጣለች። ጋሼ መስኮቱ ላይ ይቆምና «መጡ» ይለኛል፤ ማስገባትና ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር።

እኔና እሷ የእጅ ወሬ ነበረን። ማንም አላስተማረንም፤ ሁለታችን የፈጠርነው ነው። ለውሃ፣ ለድመት፣ ለአባታችን ጢም፣ ለሁሉም ምልክት ነበረን። ታስቀኝ ነበር ልጄ፤ የጎረቤቱን አረማመድ በሁለት ጣት ሠርታ ስታሳየኝ ሆዴን ይዤ እወድቅ ነበር። ግራኝ ነበረች፤ ስለዚህ እኔም ከእሷ ጋር በግራ ነበር የማወራው። ሁለት ጣት ከጆሮ ኋላ፣ መዳፍ ወደ መሬት። «እንግዳ መጣ፣ ግቢ» ማለት ነው። ድምቢጥ የምታደርገው እሱን ነው።

አንድ ቀን እንግዶች መጡ። አስገባኋት። ለካ እንግዶቹ የመጡት እኔን ሊወስዱ ነው፤ ከተማ ያሉ ዘመዶች ሊያስተምሩኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አዲስ ጫማ አጠለቁልኝ፣ ሁሉም ሳመኝ፣ መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ጫማዬን እያየሁ ስደሰት፣ ድንገት ትዝ አለኝ። ውጪ አላልኳትም። «እንግዳው ሄዷል፣ ውጪ» የሚል ሌላ ምልክት ነበረን፣ ከእኔ ካላየችው አትወጣም። ጮህኩ፤ ቤቷ ናፍቋት ነው ብለው ከረሜላ ሰጡኝ።

ጎትተው ያወጧታል፣ መልሳ ትገባለች። ለእሷ እኮ እንግዳው አልሄደም። በዓመቱ ክረምት ላይ እዚያው ታማ ሞተች። እኔ የሰማሁት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስሟን የጠራ ሰው አልሰማሁም። እኔም አልጠራሁም። ያን ቤት ሸሽቼ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት፤ ለሥራ ነው እያልኩ።

አሁን መውጫዋን ምልክት ንገሪኝ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ልጄ፣ ረስቼዋለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ካለው መስታወት ፊት ቆሜ እጄን እንዲህም እንዲያም አደርጋለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ዝንብ የማባርር መስሏቸው ይስቃሉ። መግቢያው መጥቶልኛል። መውጫው አልመጣም። እጄ እንቢ አለኝ። ማንም ሌላ አያውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኔም ረሳሁት።

ይቅር በዪኝ፤ አስተማሪዋን አሰናብቺ ያልኩሽ ፈርቼ ነው። አታሰናብቻት።

አክስትሽ

ሚያዝያ 24

ለውድ አክስቴ፣

ጤናና ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ እንባ የጠገበ ደብዳቤ ነው የምልክልዎ፤ ግን ሁሉም የሐዘን አይደለም።

ደብዳቤዎን ለእመት ምንጣፍ አነበብኩላት። ሰምታ ጨረሰችና ደብተሩን አወጣች። «ለማን» የሚለውን ትታ ጣቷን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አደረገች።

«እዚህ ሁሉ 'ምንም' ነው የሚለው፤ እኔም አይቼ ማለፌ ጥፋቴ ነው» አለችኝ። «ልጅ ከባዶ አትነሳም። ከምልክቱ በፊት የሆነ ነገር አለ፤ እኛ እጇን ስናይ ዓይኗን አላየንም።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀድማ መጣችና ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋን በአራት ሰዓት መጥታ እንድታንኳኳ ለምነናት ነበር። ሁለታችንም የድምቢጥን ዓይን ብቻ ነው ያየነው። መጫወቻ ኪዩቦቿን እየደረደረች አንዳንዴ ቀና ትላለች። ቀና ስትል የምታየው አባባን ነው። አባባ መስኮቱን ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል፣ አክስቴ፣ የአባባ ግራ እጅ ተነሳች። ሁለት ጣት ከጆሮ ኋላ። ከዚያ መዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ ዝቅ አለች። ድምቢጥ ኪዩቧን ጣለች፣ ወደ ጓዳው ዞራ ያንኑ አደረገች፣ ገባች። በሩ የተንኳኳው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህቺን የአባባን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማያት! እከክ ናት ብዬ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ቅባት ትገዛላቸው ነበር። በቀኝ እጃቸው የሚበሉ፣ በቀኝ የሚጽፉ ሰው ለምን ሁልጊዜ በግራ እንደሚያክኩ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም።

ልብስ ሰፊዋን ሸኝቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ያለ እርስዎ ፈቃድ ጠየቅኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

«አባባ፣ እህት ነበረችዎት?»

እጃቸውን አዩት፣ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ።

«ታናሿ ከሄደች ወዲያ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ» አሉ። «መስኮቱም የእኔ፣ ማስገባቱም የእኔ። ይቺን አንዷን ምልክት አይቼ ለምጃት ነበር። አስገባታለሁ፣ እሺ ብላ ትገባለች። ማስወጫዋን ግን አላውቅም። እጄን በየዓይነቱ ባደርግ ታየኛለች እንጂ አትነሳም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ምን ላድርግ? ምን ላድርግ ልጄ?»

አልቅሰው የማያውቁት አባባ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለካ እርስዎ እዚያ፣ እሳቸው እዚህ፣ ሁለታችሁም አንዱን ጥፋት ብቻችሁን ስትሸከሙት ኖራችኋል።

እፎይ ያልኩ መሰለኝ። መንፈስ አይደለም፣ ሌላ አይደለም፤ የአባባ እጅ ነው፣ ልጄ ከአያቷ የተማረችው ነው። ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንስተን ወደ ምንጣፉ አዞርነው። ድምቢጥ ግን አሁንም ትገባ ነበር፤ መግባቱን ተምራለች፣ መውጣቱን ያስተማራት የለም።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ደግሞ እንዳየሁት ልጻፍልዎ። ረፋዱ ላይ ነው። እመት ምንጣፍ ምንጣፉ ላይ ናት፣ አባባ ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ልብስ እያጠፍኩ። ድምቢጥ ከጓዳው ብቻዋን ወጣች። ማንም አልጠራትም። ደፉ ላይ ቆመችና ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች። የግራ አውራ ጣቷን ግንባሯ ላይ አድርጋ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችው። ከዚያ መዳፏን ከፈተችና እፍ አለችበት። እንደገና ደገመችው። ከዚያ ሰው እንደምታሳልፍ ጎኗን ለበሩ ሰጥታ ቆመች፣ ቀና ብላ ከራሷ ከፍ ያለ ነገር እያየች። የሚራመድ ሰው በሩን አልፎ እኛ ያለንበት እስኪደርስ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀች። መጥታ አባባ ጉልበት ላይ ወጣች።

እመት ምንጣፍ እርሳሷን አንስታ «ምን አደረገች» የሚለውን ሞላች። «ለማን» ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ከዚያ በፊት ምን ነበር» ላይም ቆመ። ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ አባባ አየሁ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቺን አያውቋትም። እኔ አላውቃትም። እርስዎ ረስተዋታል። ሁለቱን ረድፎች ባዶ ትታቸው ደብተሩን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምቢጥ ጓዳ አልገባችም። ፊታችንን ታያለች። ሃያ ሦስት ምልክት አላት፤ ትናንት የአባባን ጢም በምልክት ሠርታ አሳቀችን። ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ሰኔ 4 ነው፤ አሁን ተስፋ አለኝ። ግን እንዲህ ያለውን ማንን ልጠይቅ? የረሱት ምልክት ይሄ ነው?

ልጅዎ

ግንቦት 13

ልጄ፣

ይሄ ነው።

ደብዳቤሽን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አነበብኩት። «አውራ ጣቷን ግንባሯ ላይ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። እፍ ማለቱ ጋ ሳልደርስ እፍ አልኩ። አቧራ እንደማራገፍ ነበር፤ እንግዳው ተጠርጎ ሄደ ለማለት። የእሷ ፈጠራ ነው። በእኔ አልነበረም የተፈጠረው፣ በእሷ ነው፤ ይህን እንኳ ረስቼው ነበር። በጸሐይ ቀን፣ መሬት ላይ ተቀምጠን። የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ ሁሉንም ድጋሚ አጠቡልኝ።

ደብተሩን ባዶ እንዳትተዪው። «ለማን» በሚለው ላይ «ለትልቋ አክስቴ» ብለሽ ጻፊ። እሷ በሕይወት ሳለች ማንም የትም ወረቀት ላይ አልጻፋትም፤ ያቺ አስተማሪ ለልጅሽ ያመጣችው ደብተር ለእሷም ይሁናት። ሦስተኛውን ረድፍ ግን ተዪው። እሱን አልመልስልሽም፣ አላውቀውም።

ስሟን ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ እኔም አልጽፈውም። በአፍ የምንጠራትን ስሟን አንድም ቀን አልሰማችውም። የሷ ስሟ በእጅ ነው፤ ስመጣ ለአንቺም ለድምቢጥም አሳያችኋለሁ።

አዎ፣ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሰኔ 1 ጠዋት ደጃችሁ ነኝ፤ ገምጋሚዎቹ ሲመጡ አብሬያችሁ ምንጣፉ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴ ከፈቀደ። ጋሼን ጢሙን ይላጭ በይው፤ እንደ ድሮው ከወጋኝ አልስመውም። መልሰሽ መስኮቱ ሥር አታስቀምጪው። ስመጣ እንዳያየኝ፣ እጁም ቀድሞ ለድምቢጥ እንዳይነግራት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሳንኳኳ ወዲያው አትክፈቺ። መጀመሪያ የድምቢጥን እጅ እዪልኝ። እጇ ወደ ጆሮዋ ከሄደ እንግዳ ነኝ ማለት ነው፤ ምንም አይደል፣ ደጅ እቆማለሁ፣ እስክትለምደኝ እጠብቃለሁ።

ካልተነሳ ግን ክፈቺልኝ። እንግዳ አይደለችም ብላ የነገረቻት አለች ማለት ነው።

አክስትሽ